የኤርሜሊንዳ እሑድ

ፎርቱናታ የሞተችው ሽንኩርት እየከተፈች ነው። መጀመሪያ ቢላዋው ከእጇ ወደቀ፣ ቀጥሎ እሷ። ኤርሜሊንዳ ዋማኒ ከድስቱ ማዶ ቆማ ምስር ታማስል ነበርና ጓደኛዋ የተንሸራተተች መሰላት። «ተነሺ እንጂ አበልጄ! ይኼ ሁሉ ሰው ሳህኑን ይዞ እየጠበቀ?» አለቻት። ፎርቱናታ አልተነሳችም። በብርድ ልብስ ተሸክመው ያንን ሁሉ የኮረብታ ደረጃ አውርደው፣ ባጃጅ አስቁመው ጤና ጣቢያ ሲያደርሷት ነገሩ አልቆ ነበር።

ሁለቱ ሴቶች ከአያኩቾ ተራሮች ወደ ሊማ የመጡት ገና ልጃገረድ ሳሉ፣ የአማፅያኑና የመንግሥት ጦርነት መንደራቸውን ባዶ ባስቀረበት ዘመን ነው። ከከተማው ጫፍ፣ አልቶ ሜርሴድ በሚባለው ደረቅ ኮረብታ ላይ ጎን ለጎን የሰሌን ጎጆ ቀለሱ። ፎርቱናታ የኤርሜሊንዳን ልጅ ኖርካን ክርስትና አነሳችላትና ከዚያ ወዲያ አበልጃሞች ሆኑ። ኮረብታው ላይ ውሃ የለም። ቦቴው ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሲከፋው ይቀራል፤ ሲመጣም ታች ሜዳው ላይ ሣሩን በቧንቧ የሚያጠጣው ሀብታም ከሚከፍለው አብልጦ ያስከፍላል። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ሠፈሩ አዋጥቶ የሚበላበትን የጋራ ድስት ይጥዳሉ፣ ቦቴ ያሳድዳሉ፣ ባል ሚስቱን ሲደበድብ በር ይሰብራሉ፣ የክረምቱ ካፊያ አፈሩን አርሶ ግድግዳ ሲያፈርስ ድንጋይ ይሸከማሉ። በዚያ ላይ ቧንቧ እንዲገባ ከከተማው የውሃ ቢሮ ጋር የሚሟገተው የውሃ ኮሚቴ አለ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጋሼ ዶሮቴዮ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ንግግርም ያምርለታል። የሚይዘው ግን የድምፅ ማጉያውን ብቻ ነው። የቀረውን ሁሉ ሴቶቹ ይይዙታል።

በቀብሩ ዕለት ጋሼ ዶሮቴዮ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እህታችን ፎርቱናታ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «በሕይወቷ ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላረፈችም! ለእኛ ስትል እንደ ሻማ ቀልጣ አለቀች!»

ሰዉ እያለቀሰ አጨበጨበ። ኤርሜሊንዳ ጭብጨባውን ስትሰማ ሰዉን በክንዷ ገፍታ ወደ ሳጥኑ ቀረበች።

«ምኑን ነው የምታጨበጭቡት?» አለች።

ቄሱ ሳይቀር ቀና አለ።

«እኮ ንገሩኝ፣ ምኑን? አንድ ቀን አላረፈችም ማለት ምስጋና ነው? ክስ ነው እንጂ! የምንከሰሰውም እኛው ነን። ሻማ አልነበረችም፤ ሰው ነበረች። ጉልበቷን ያማት ነበር፣ ደም ግፊት ነበረባት። ሐኪሙ ተኚ ብሏት ነበር። ማን አስተኛት? አንተ ዶሮቴዮ፣ አንድ ቀን ማማሰያውን ከእጇ ተቀብለሃታል?»

«እትዬ ኤርሜሊንዳ፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግርሽ…»

«ሐዘንማ አለ። የሚያናግረኝ ግን ንዴቱ ነው!»

አፈር ከተመለሰ በኋላ ማንንም ሳትሰናበት ወደ ቤቷ ወጣች፣ ከነጫማዋ አልጋ ላይ ወደቀች፣ ብርድ ልብሱን እስከ አናቷ ሳበች። በማግሥቱ ቀትር ላይ ኖርካ ስትመጣ እናቷ አሁንም ተኝታለች። ልጅቱ ደንግጣ ጆሮዋን ወደ እናቷ አፍንጫ አስጠጋች።

«አልሞትኩም» አለች ኤርሜሊንዳ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ተኝቼ ነው። ሰው ሲተኛ አይተሽ አታውቂም?»

«አንቺ ስትተኚ አይቼ አላውቅም፣ እማ።»

ይኼ መልስ ኤርሜሊንዳን ከቀብሩም በላይ አንገበገባት።

በሳምንቱ በድስቱ ዙሪያ የተሰበሰቡትን ሴቶች እንዲህ አለቻቸው፦ «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ቤት የማብሰል ተራ አለው፤ ባል ያለበትም ቤት እንደዚያው። እሑድ ደግሞ ድስቱ አይጣድም። እሑድ ማረፊያችን ነው።»

ጫጫታው ኮረብታውን አናወጠው። ሳቢና የምትባል ምላሷ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ጎረቤት ወገቧን ይዛ ተነሳች።

«አበልጅሽን ቀብረሽ እንባሽ ሳይደርቅ እረፍት አማረሽ? ወይስ የውሃ ቢሮ ሰዎቹ ከጀርባችን አነጋግረውሻል?»

«አዎን፣ አነጋግረውኛል!» አለች ኤርሜሊንዳ። «‹እባክሽ ሳታርፊ ሙቺልን፣ እኛም እንገላገላለን› ብለውኛል።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ብዙዎቹ ግን አኮረፉ፤ ታች ሱቁ ጋ ስታልፍም «ባለ ዕረፍቷ መጣች» ይሏት ጀመር።

የመጀመሪያው እሑድ ክፉኛ አለፈ። ከላይኛው ደረጃ አጠገብ ብቻውን የሚኖረው ዓይነ ስውሩ ጋሼ ኤሉቴሪዮ ጦሙን ዋለ። ሳቢና ማታውኑ መጥታ ይኼን በፊቷ ላይ ተፋችው። «ዕረፍትሽ ሽማግሌ አስራበ፣ ደስ ይበልሽ!» ኤርሜሊንዳ ፊቷ በጥፊ እንደተመታ ሰው ቀላ። እጇ ማማሰያውን ሊያነሳ ተዘረጋ፤ የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው። መሃል መንገድ ላይ ግን ቆመ። ለምንድን ነው ይኼ ነውር ሁሌ የሚወረወረው በእኔ ፊት ላይ ብቻ? ይኼ ኮረብታ ሌላ ሰው የለበትም? ነጠላ ጫማዋን እንደተጫማች ወርዳ የዶሮቴዮን በር በጡጫ ደበደበች።

«ማነው?»

«ኤሉቴሪዮ ተርቧል። አሁን ታበላዋለህ። ከዛሬ በኋላ ደግሞ እሑድ የአንተና የወንዶችህ ነው።»

«እኔ እኮ ወጥ መሥራት አልችልም…»

«ንግግር ማድረግስ ከእናትህ ሆድ ይዘኸው ነው የወጣኸው? ተምረህ አይደል? ይኼንንም ተማር!»

ዶሮቴዮ በመጀመሪያው እሑዱ ሩዙን አሳረረው፣ ጣቱን ቆረጠ፣ የዶሮ እግሩን ሾርባ ሰዉ ሊጠጣው እስኪያቅተው ጨው አበዛበት። ሰዉ እየተሳደበም በላ። ጋሼ ኤሉቴሪዮ ሁለት ሳህን ከጨረሰ በኋላ «ዓይኔ አለማየቱ ዛሬ ጠቀመኝ» አለ። ዶሮቴዮ አልሳቀም፤ ወገቡ ተቆርጦ ነበር። በማግሥቱ የኤርሜሊንዳን ደጃፍ አንኳኩቶ፣ ዓይኖቹን መሬት ላይ ተክሎ «ፎርቱናታ ይኼን በየቀኑ ነበር የምትሠራው?» ብሎ ጠየቃት። ኤርሜሊንዳ የተቆረጠ ጣቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችለት። መልሱን ያውቀዋል።

ሴቶቹ እሑድ እሑድ ወደ ኮረብታው ጀርባ መውጣት ጀመሩ። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ያ ደረቅ አፈር ለምልሞ ቢጫ የአማንካይ አበባ ያበቅላል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሥሩ ኖረው አብዛኞቹ አበባውን አይተውት አያውቁም ነበር፤ ኤርሜሊንዳ ይኼንን ስትሰማም ተናደደች። ሣሩ ላይ ተጋድመው ፀጉር ይጎነጉናሉ፣ በተራራው ቋንቋቸው በኬችዋ ያወራሉ፣ አንዷ በድንገት ሆድ ብሷት ታለቅሳለች፣ ሌላዋ ታንኮራፋለች። ሳቢናም እያጉረመረመች መጣች። «እኔ የመጣሁት ለጉልበቴ ነው እንጂ ላንቺ አይደለም» አለች። ኤርሜሊንዳም «ጉልበትሽ ካንቺ የተሻለ ጠባይ አለው፤ ይቀመጥ» አለቻት።

እዚያ ሣር ላይ ተጋድማ ነው ነገሩ የተገለጠላት። የውሃ ቢሮው ዘዴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ጠዋት አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጧቸዋል፣ ቀኑን ሙሉ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም፣ ሊዘጋ ሲል አንድ ሹም ፈገግ እያለ ይወጣና «የሚመጣው ዓመት» ይላቸዋል። ሴቶቹም ልጆቻቸውን ዘግተውባቸው ስለመጡ፣ ወገባቸውም ስለተቆረጠ፣ እሺ ብለው ይነሳሉ።

«እነዚህ ሰዎች እኮ አንድ ቀን ተከራክረው ረትተውን አያውቁም!» አለች ብድግ ብላ። «አድክመውን ብቻ ነው! ቤታቸው ጠግበው ተኝተው ይመጣሉ፣ እኛ ሳንተኛ እንሄድላቸዋለን!»

ቀጥሎ ሲሄዱ በፈረቃ ሄዱ። የጠዋቶቹ ተቀምጠው አረፈዱና ቀትር ላይ ቤታቸው ተመለሱ፤ የከሰዓቶቹ ጠግበው፣ እንቅልፋቸውን ጨርሰው፣ ድንችና አይብ ቋጥረው፣ ሹራብ መሥሪያቸውን ይዘው ተተኩ። ልጆቹን ዶሮቴዮና ወንዶቹ ይጠብቃሉ። ሹሙ ሊዘጋ ሲል ብቅ ብሎ የተለመደውን ፈገግታ ዘረጋ።

«እመቤቶች፣ እንዴት ደክሟችኋል! ለዛሬ ቤታችሁ ግቡ፣ እኛም…»

«ማን ደከመው?» አለች ሳቢና መርፌዋን ሳታቆም። «እኔ አሁን መምጣቴ ነው። ቁጭ በልና ከመጀመሪያው አስረዳኝ።»

በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ፣ በሦስተኛውም ቀን። ከዚያ ወዲያ ማዛጋት የጀመረው ሹሙ ነው። ሳምንት አልፎ የቧንቧው ቁፋሮ የሚጀመርበት ቀን ተቆረጠ፤ ሴቶቹ ባሉበት፣ ምስክሮች በቆሙበት ወረቀቱ ተፈረመ። ቁፋሮው እውነትም ተጀመረ።

የደረሰው ግን እስከ ኮረብታው ወገብ ብቻ ነው። «ላይኛው ክፍል ተዳፋት ነው» አሉ የቢሮው ሰዎች። ኤርሜሊንዳ ደግሞ ላይኛው ክፍል ነው የምትኖረው፤ ዛሬም በርሜሏን ከቦቴ ትሞላለች። ከታች የቧንቧ ውሃ ሲንፏፏ ስትሰማ ንዴቷ ይነሳል፤ ይነሳባት፣ ይገባታል። እሷም ግፊት ስላለባት ክኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች፣ ከምሳ በኋላ በሯን ዘግታ ትተኛለች። ባለፈው ሳምንት አንድ የቢሮው መልእክተኛ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ደረጃውን ወጥቶ በሯን አንኳኳ። ኖርካ ከፈተችለት።

«ስለ ላይኛው ክፍል ልናነጋግራት ነው። አስቸኳይ ነው!»

«ተኝታለች» አለች ኖርካ። «እዚህ ድንጋዩ ላይ ቁጭ በል። ስትነሳ ታነጋግርሃለች፤ እስከዚያ አንተም ጉልበትህን አሰባስብ፣ እሷ አርፋ ነው የምትነሳው።»