ለአባቴ ወረፋ የያዝኩበት ክረምት

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ጦርነት የለበትም፤ የሞተ ሰው የለበትም፤ አብዛኛው ነገር የሆነውም ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ እስከ ቤታችን ባለው መንገድ ላይ ነው። ትምህርቷን ለመቀጠል የፈለገች አንዲት ልጅ ከአባቷ አንድ ቃል ለማግኘት እንዴት እንደጠበቀች ነው የምተርከው። እንዲህ ያለው ነገር በየቤቱ አለ። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ የዶርም ጓደኞቼ ስለ ድሮው ምክር ቤት ሲያወሩ እሰማለሁ። «እነዚያ እንደራሴ ተብዬዎች እጅ ከማውጣት በቀር ለሕዝቡ ምን ሠሩለት?» ይላሉ። ልመልስላቸው አፌን እከፍትና መልሼ እዘጋዋለሁ። አባቴ ከእነዚያ አንዱ ነበር። አልሠራም ብል ውሸት ነው። ሠርቷል ብል ደግሞ የሠራበት ጊዜ የእኔ ነበር። ስለዚህ የምጽፈው እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ቀናተኛ መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

አባቴ ከመመረጡ በፊት ከጣቢያው አለፍ ብሎ የእህል ወፍጮ ነበረው። ሊያስፈጩ የሚመጡ ሰዎች ስልቻቸው ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ ችግራቸውን ይነግሩታል። እሱም ሞተሩ እየጮኸ ጆሮውን ወደ አፋቸው አስጠግቶ ያዳምጣል። ለአንዱ ማመልከቻ ይጽፍለታል፣ ለሌላው ፋብሪካ ድረስ ሄዶ አለቃውን ያነጋግርለታል። ሲመሽ ወፍጮውን ዘግተን ሁለታችን ወደ ቤት እንሄዳለን። ቅንድቡ በዱቄት ነጭ እንደሆነ ስለ ትምህርቴ ይጠይቀኛል፤ የነገርኩትን ሁሉ በማግስቱ ያስታውሳል። ያኔ አባቴ የእኔ ነበር።

ከዚያ እነዚሁ ሰዎች «አንቱ ቢገቡልን» እያሉ ገፋፉትና ለምርጫ ቀረበ። ከምርጫ ወረዳችን ሁለት ሰው ይመረጥ ነበር። አንዱ አባቴ ሆነ። ሌላው ከተማ የሚኖሩ፣ ጥቁር መኪና ያላቸው፣ መሬታቸው ብቻ እኛ ዘንድ የነበረ ሰው ነበሩ። ወፍጮው እናቴ እጅ ላይ ወደቀ፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷን ማገዝ ጀመርኩ።

አባቴ ጠዋት በባቡር ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ማታ በባቡር ይመለሳል። ምክር ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ እንኳ ባለጉዳይ ይዞ በየመሥሪያ ቤቱ መዞሩን አይተውም ነበር። ማታ ከባቡር ሲወርድ ሰዎች ጣቢያው ላይ ይጠብቁታል። ቤታችን ጠባብ ስለነበር እየተራመደ ማዳመጥ ለመደ፤ ይህም ቀስ በቀስ ደንብ ሆነ። ከጣቢያው እስከ ወፍጮው አንድ ሰው አጠገቡ ይሄዳል። ከወፍጮው እስከ ድልድዩ ሌላው ይተካል። ከድልድዩ እስከ ቤታችን በር ሦስተኛው። ያልደረሳቸው ከኋላ ይከተላሉ፣ ወይም በማግስቱ ይመጣሉ። ወረፋውን የሚያስከብሩት ከሐዲድ ሥራ ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፤ ከዘራቸውን ይዘው ቆሙ፣ ሰዉም ታዘዘላቸው። ሐዘንተኛ ከሁሉ ይቀድማል። ቀጥሎ የታመመ። ከዚያ እንደ አመጣጥ። እኔ የአባቴን ቦርሳ ተሸክሜ ከሁሉም ኋላ እሄድ ነበር።

ሰው ግን ይህን ሁሉ እያየ ምን ይል እንደነበር ወፍጮ ቤት የዋለ ያውቀዋል። አንድ ቅዳሜ እኔ ዱቄት እየሰፈርኩ ሁለት ሴቶች ሲከራከሩ ሰማሁ።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ሥራ ያለው ሰው በየማታው ባቡር ይሳፈራል?» አለች አንደኛዋ፣ ወደ እኔ በአገጯ እየጠቆመች። «ያኛው እንደራሴያችን ግን አየሽ፣ አይታዩም። የመንግሥት ነገር ወጥሮ ይዟቸው ነው።»

«ኧረ ተይ! ወጥሮ የያዛቸው እንቅልፍ ነው። እዚያ ወንበሩ ሁሉ ቆዳ ነው አሉ። አሸልበው አሸልበው፣ ድምፅ ስጡ ሲባል እጅ ያወጣሉ።»

«እጅ ለማውጣትማ እኔን ለምን አልመረጣችሁኝም? ሁለቱንም አወጣላችሁ ነበር!»

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እናቴ ከሞተሩ ጀርባ ብቅ ብላ፣ «ወሬው ደቋል፤ አሁን እህሉን አቅርቡ» አለቻቸው። እሷም ትስቅ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም። የማይመጡት ሰውዬ ሥራ የበዛባቸው ተባሉ፤ በየማታው የሚመጣው አባቴ ሥራ ፈት ተባለ። ከዚህ የባሰው ደግሞ እኔ በማይመጡት ሰውዬ ልጅ መቅናቴ ነበር።

ልጅቷ እኩያዬ ነበረች። አክስቷ እኛ ሰፈር ስለነበረች በበዓል በበዓል ትመጣለች። አባቷ መኪናውን ተደግፈው ውጭ ይጠብቋታል። አንድ ጊዜ በአጠገባቸው ሳልፍ ልጅቷ፣ «ቆየሁብህ እንዴ?» ስትላቸው ሰማሁ። «ተጫወቺ፣ ምን አስቸኮለን?» አሏት። ከመረጣቸው ሕዝብ አንድም ሰው አጠገባቸው አልነበረም። ፀሐይ ላይ ቆመው ልጃቸውን ብቻ ይጠብቁ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላልኝም።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና አለፍኩ። ከተማ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መግባት ፈለግሁ። እናቴ ወፍጮውን ብቻዋን መያዝ ከብዷት ነበርና፣ «እኔ አትሂጂ ብዬ ክፉ አልባልም፤ ሂጂ ብዬም እጄን አልቆርጥም። አባትሽን ጠይቂው፤ እሱ ያለው ይሆናል» አለችኝ። ምዝገባው ክረምቱ ሳያልቅ ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ነገር ግን ማታ ጠባቡ ሳሎን መንገድ ላይ ባልደረሳቸው ባለጉዳዮች ይሞላል፤ ሲወጡለት አባቴ አንዱን ጫማ አውልቆ ሌላውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። «አባዬ» ብዬ ብቀሰቅሰው፣ «እሺ፣ እሺ፣ ነገ» ይላል። የሚለው ለእኔ ይሁን ለባለጉዳይ አላውቅም።

አንድ ማታ ጣቢያው ስደርስ ቦርሳውን ልቀበል እንደ ወትሮው ዳር አልቆምኩም፤ ከሰዎቹ ኋላ ተሰለፍኩ። ሽማግሌው አዩኝ።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ገተረሽ?»

«ወረፋ ይዤ ነው፣ አባባ።»

«ለማን?»

«ለእንደራሴው።»

«አባትሽ አይደሉ እንዴ?»

«ቤት አይገኝም። የሚገኘው እዚህ ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ ሽማግሌው ግን ከዘራቸውን ወደ ጭራው ቀሰሩ። «እንግዲያው ከዚያች ሴትዮ ኋላ ቁሚ። አባቴ ናቸው ብለሽ ግን ሰው ትቀድሚና ውርድ ከራሴ!»

የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሐዘንተኞች መጥተው ወረፋዬን ወሰዱት። በማግስቱ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን እጁን የያዘው ጎልማሳ መጣ። አባቴ የተጠቀለለውን እጅ እንደ እንቁላል በሁለት መዳፉ ይዞ ሲያየው ከኋላ አየሁ። በዚያ በፋሻ በተጠቀለለ እጅ ቀናሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ የሆነው ግን ይኸው ነው። ጥቁር የለበሰች ሴት ጣቢያው ላይ ባየሁ ቁጥር ከማዘኔ በፊት ወረፋዬን አስብ ነበር።

ከብዙ ምልልስ በኋላ ከድልድዩ እስከ ቤታችን ያለው መንገድ ደረሰኝ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ እጅ ነስቶ ዞር ሲል ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። አባቴ መንገዱን እያየ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «እሺ፣ የእርስዎስ ጉዳይ?» አለ።

ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። «ትምህርት ቤት ልመዘገብ ፈልጌ ነበር» አልኩ።

«ማን ከለከለ...» ብሎ ጀመረና ቆመ። ዞሮ አየኝ። ከኋላ አንዱ፣ «የተከበሩ፣ ልጅዎም ደጅ ጠናች!» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ቦርሳውን ከእጄ ወሰደና፣ «ስንት ቀን ቆምሽ?» አለኝ። እስከ በራችን ሁሉንም ነገርኩት፤ በዚያ መንገድ ማንም አልተተካብኝም። በሩ ላይ ስንደርስ፣ «ትማሪያለሽ። ነገ በጠዋቱ ባቡር አብረን እንሄዳለን፣ አስመዘግብሻለሁ» አለኝ። ለወፍጮው ሰው ቀጥሮ እናቴን እንደሚያግዛትም ነገራት። ቀሚሴን አጥቤ በፍም ካውያ ተኮስኩ።

በማግስቱ ጣቢያው ላይ አንዲት ገበሬ ጠበቀችን። ከአቃቂ በላይ ካለው መንደር ነበር የመጣችው። የመሬቱ ባለቤት ለፋብሪካ ሊሸጠው ከነአዝመራው ሊያስነሳት ነው፤ የእግድ ደብዳቤ በዚያው ቀን ካልወጣላት ገና ያላሸተ ጤፏ ላይ ትራክተር ሊነዳባት ነው። አባቴ በኦሮምኛ አነጋገራት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «መጀመሪያ እሷን እናስገባና ወዲያው እንሄዳለን» አለኝ። ባቡሩ ላይ እሷ መሐላችን ተቀመጠች።

ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ዞርን። እኔ በየኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ አባቴ በአንድ በር ገብቶ በሌላ ይወጣል። ከምሳ በኋላ ደብዳቤው ተፈረመ። ሴትዮዋ ጉልበቱን ልትስም ስትወድቅ በሁለት እጁ አነሳት፤ ዓይኑም እንባ ያዘለ መሰለኝ። እሷን እንዳያት እኔን አይቶኝ እንደማያውቅ ተሰማኝ።

ትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ ዘበኛው ምዝገባው አብቅቷል አለን። ዳይሬክተሩ ግን ውስጥ ነበሩ። «ማን መጥቶ ነው ልበላቸው?» አለ ዘበኛው። አባቴን ቀና ብዬ አየሁት። አንድ ቃል፣ «እንደራሴ» የሚለው ቃል፣ በሩን ያስከፍት ነበር። በየቢሮው ለሴትዮዋ ሲለው የዋለው ቃል ነው።

አባቴ፣ «የልጅ አባት ነኝ በላቸው» አለ።

ዘበኛው ገብቶ ወጣ። «ለወላጆች እንግዲህ የሚመጣው ዓመት ነው ብለዋል» አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ የእኔ አባት ብቻ እንዲሆን ነበር የምመኘው። በዚያ በር ላይ የእኔ አባት ብቻ ሆነ፤ እኔም ውጭ ቀረሁ። ስንመለስ፣ «ያ ማዕረግ ለእነሱ ነው የተሰጠኝ፤ ለቤቴ ብጠቀምበት ነገ ለእነሱ ስለው ማን ያምነኛል?» አለኝ። መልሱ ትክክል ነበር። አልወደድኩለትም።

በጥቅምት የዚያኛው እንደራሴ ልጅ የዚያን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳ አክስቷን ልትጠይቅ መጣች። ምዝገባው ካበቃ በኋላ አባቷ አንድ ስልክ ደውለው ነው የገባችው ተባለ። ወፍጮ ቤት ውስጥም ወሬው ተፈጨ። «አየሽ፣ እሳቸው ሲደውሉ ይሰማሉ። የኛ ባቡር ተሳፋሪ ለገዛ ልጃቸው በር ማስከፈት ያቃታቸው ለኛ ምን ሊያስከፍቱ ነው?» አለች ያችው ሴት። እኔ ከሚዛኑ ጀርባ ቆሜ ነበር። ያን ዓመት ሙሉ እዚያው ነበርኩ። አዝመራው ሲገባ ያቺ ገበሬ ጤፏን ጭና መጣች። ቀና ብዬ ሳላያት ፈጨሁላት። ጤፉ ነጭና ንጹሕ ነበር። በጤፉም ቀናሁ፤ አባቴ በጊዜው ደርሶለታልና።

በሚቀጥለው ክረምት አገሩ ሁሉ ታወከ። ሬዲዮ በየቀኑ የታሰሩ ሰዎችን ስም ያነብ ነበር። አባቴ ግን ባለጉዳዮቹን ይዞ መመላለሱን አልተወም። እንቁጣጣሽ በዋለ በማግስቱ ሊያስመዘግበኝ ይዞኝ ወጣ፤ በዚያ ቀን ሌላ ጉዳይ እንደማይዝ ለእናቴ ምሎላት ነበር። ጣቢያው ስንደርስ ሰዎች እንደ ወትሮው ቆመዋል። ባቡሩ ግን አልመጣም። ከሻይ ቤቱ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ንጉሡ ከሥልጣን ወርደዋል፣ ምክር ቤቱም ተዘግቷል አለ።

ከዚያ ከፊት የቆመው ሰው ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እንግዲህ እርስዎም ይረፉ፣ ጌታዬ» ብሎ እጅ ነሳና ሄደ። ቀጥሎ ሌላው። አንዲት ሴት፣ «የኔን ነገር ለማን ልንገረው ታዲያ?» ስትል፣ አባቴ፣ «ለእኔ ንገሪኝ፤ እሰማለሁ» አላት። ሴትዮዋ በሐዘኔታ አየችው። «መስማቱንማ ይሰማሉ» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሽማግሌው የሚያስከብሩት ወረፋ ሲያጡ ከዘራቸውን ተደግፈው ጥቂት ቆሙ፤ እሳቸውም ሄዱ።

ወደ ቤት ሁለታችን ብቻ ተመለስን። በወፍጮው አለፍን፣ በድልድዩ አለፍን፤ ማንም አልመጣም። አባቴ መንገዱን ሙሉ ስለ አንዲት መበለት የጡረታ ደብዳቤ ያወራኝ ነበር፤ አንድ ፊርማ ብቻ ቀርቶት ነበር። ሲያወራ እኔን እያየ ነበር፤ የሚያየው ግን እሷን ነበር። በራችን ላይ፣ «ያንቺን ሰኞ እንጨርሳለን» አለኝ። ሰኞ ወሰደኝ፣ ተመዘገብኩም። ከዚያ ወዲህ አባቴ በየማታው ቤት ነበር። ከበሩ ትይዩ ይቀመጥና ውጭ ውጭውን ያያል። ትምህርቴን ስነግረው ያዳምጣል፤ ጆሮውን ግን ያኔ ወፍጮ ቤት ለባለጉዳዮቹ እንደሚያደርገው አስጠግቶልኝ አያውቅም። እኔም መምጣት በተዉት ሰዎች መቅናት አልተውኩም። እነሱ ጣቢያው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የጠበቁት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር።