ክራቫት ያሰረው ኢዮስያስ

ኢዮስያስ መናኸሪያ አካባቢ የሱቅ ታፔላ እየጻፈ ይኖር ነበር። ቀን የሰው ስም ይጽፋል፤ ሲመሽ ቤቱ ገብቶ ወረቀት ላይ ይጫወታል። ለእናቱ ለወይዘሮ ገበያነሽ በሰጣቸው ሥዕል ላይ አንድ ቀይ ክብ በሰማያዊ መስመር ላይ ሽቅብ ሊወጣ ይፍጨረጨራል፤ ቢጫ ነጠብጣቦች ከሥሩ ይሸሻሉ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉት።

«ምንም አይደለም እማዬ፤ ዝም ብሎ ይጫወታል።»

«እንዳንተ ሥራ ፈት ነዋ!»

ባለፈው ክረምት ታፔላ ሲሰቅል ከመሰላል ወድቆ ሞተ።

ለለቅሶው ድንኳን ፎቶ ሲፈለግ ከመታወቂያው በቀር አልተገኘም። ፎቶ ቤቱ አጉልቶ ሰጠ፤ ለክብሩ ብሎ ሱፍ አልብሶት፣ ክራቫት አስሮለት፣ ፊቱንም አቅልቶት። እናቱ ሲያዩት እንባቸው ደረቀ።

«ይሄ የማን ልጅ ነው? ሩታ፣ ሥዕሉን አምጪልኝ።»

እህቱ ሩታ አምጥታ ከፎቶው አጠገብ አቆመችው። የእድሩ ዳኛ አቶ ኩማ ጠጋ ብለው፣ «ለቀስተኛ ይስቃል፣ ይቅርብዎት» አሏቸው።

«ይሳቅ። ልጄም ይስቅ ነበር።»

የሳቀ ግን አልነበረም። የሚገባው ሁሉ ክራቫት ላሰረው ሰውዬ አልቅሶ ይቀመጣል፤ ሥዕሉን የሕፃን ሥራ መስሎት ያልፈዋል። ስንቱ ነጋዴ ኢዮስያስ በጻፈው ስም እየነገደ፣ ኢዮስያስን የሚያውቀው እንዲህ ጥቂት ይሆናል? እናቱ ተነሡ። አግዳሚ ወንበራቸውን አዙረው፣ ጀርባቸውን ለፎቶው ሰጥተው ከሥዕሉ ጎን ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ሊያጽናናቸው የሚመጣ ሁሉ ወደ ሥዕሉ መዞር ግድ ሆነበት።

በማግስቱ ባለሱቁ ሙክታር መጣ። «አላህ ያጽናዎት እማማ» ብሎ እንዳጎነበሰ ዓይኑ ሥዕሉ ላይ ቀረ።

«ይሄ ቀይ… ከእኔ ታፔላ የተረፈው ቀለም ነው» አለ። «ጣሳው ሥር የቀረችውን ልውሰዳት ብሎኝ፣ ‹ልትበላት ነው እንዴ?› ብዬ ቀለድኩበት።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«እየሳቀ ሄደ።» ሙክታር ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ወይዘሮ ገበያነሽ በአግዳሚው ላይ ጠጋ አሉለት።

«እንዴት አድርጎ ሳቀ? እስቲ ቁጭ በልና ንገረኝ፣ ልጄ።»