ለከረሜላ ጠርሙስ የሚበቃ ሙቀት

ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ለዓሳ የሚሆን ማሞቂያ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ያዩኝ ሰዎች ምን እንዳሉኝ ባልሰማም እገምታለሁ፤ በዚህ አገር ሰው ራሱ ክረምቱን የሚወጣው በጋቢና በጥርስ ማንገጫገጭ ነው። ነገር ግን ልጄ ሶስና፣ አጎቷ ከአዲስ አበባ ባመጣላት የመስታወት ሳጥን ውስጥ የምትኖረው ብቸኛዋ ቀይ ዓሳ መብላት አቁማ ጥግ ይዛ ስትቆዝም አይታ እሷም መብላት አቆመች፤ የሁለት ነፍስ ጉዳይ ሆነብኝና ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።

የሞባይል ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ የሚሸጥ አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ሦስት ዓይነት ደረደረልኝ። አንደኛው ረጅም የመስታወት ዘንግ ሲሆን ከሳጥኗ ቁመት ስለሚበልጥ ሊገባ የሚችለው ዓሳዋ ውጭ ቆማ ከጠበቀችው ብቻ ነው። ሁለተኛው የሳሙና ቁራጭ የሚያህል ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ መልኩ ያምራል፣ ግን መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም፤ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ያሞቃል። ሦስተኛው አጭርና ደንዳና፣ አናቱ ላይ የሙቀቱ ልክ የሚመረጥበት፣ ውሃው ሲበቃው ራሱ የሚጠፋ ነው። ወጣቱ “ኃይለኛውን ይውሰዱ እትዬ፣ የእኛን አገር ብርድ ያውቁት የለ” ብሎ ረጅሙን ወደ እኔ ገፋው። እኔ አጭሩን አነሳሁ። የሶስና ሳጥን ከወፍራም መዝገበ ቃላት ብዙም አትበልጥም፤ ትንሽ ውሃ ደግሞ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል፤ ለእሱ ኃይለኛ ማሞቂያ መግዛት ዓሳ ወጥ መሥራት ነው። ይህን የት ተማሩት ቢለኝ ሳቅሁ እንጂ አልመለስኩለትም፤ ታሪኩ ረጅም ነው፣ እሱም ሌላ ደንበኛ እየጠበቀው ነበር።

ቤት ገብተን ማሞቂያውን ከሰካነው በኋላ ሶስና በየደቂቃው “ሞቀ?” እያለች ስትጨቀጭቀኝ ክዳኑን ከፍቼ እጄን ነከርኩ። ለብ ብሏል። ከውስጡ የወጣው ሽታ፣ እርጥብ ድንጋይና የረጠበ ቅጠል የሚመስለው ለብ ያለ የዓሳ ውሃ ሽታ፣ አፍንጫዬን እንደነካው እዚያው ተንበርክኬ ደግሜ አሸተትኩት፤ ከልጅነቴ ወዲህ አሽትቼው አላውቅም ነበር።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩ የጭቃ ቤቶች ባንዱ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው አባቴ ዜና ለመስማት ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ይለጥፋል፤ ከበራችን ፊት ለፊት ደግሞ ፍሬው ሳይበስል እኛ ልጆች የምንጨርሰው ያረጀ የኮክ ዛፍ ነበር። አባቴ የጂኦግራፊ መምህር፣ እናቴ ነርስ ነበሩ፤ ሁለቱም የሐዋሳ ልጆች ሲሆኑ እኔ ከመወለዴ በፊት በሥራ ተመድበው መጥተው ነው። አባቴ አገሩን ቶሎ ለመደው፤ እናቴ ግን ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ፣ ስለ ሐዋሳ ፀሐይ እንደ ሟች ዘመድ እያወራች ትኖር ነበር። ጎረቤቶቻችን ደግ ሰዎች ናቸው፤ መንገድ ላይ ሲያገኟት “ሲስተር፣ እንዴት ዋሉ” ብለው ጎንበስ ይላሉ። ግን እሷ ፕሮቴስታንት ናት፣ እነሱ ኦርቶዶክስ፤ ጾሙና ፍስኩ፣ የእርዱም ነገር ስለማይገጥም ቤታችን ገብቶ መብላት አይመቻቸውም፤ ገብቶ ሳይበሉ መውጣት ደግሞ እሷን ማስቀየም ስለሚመስላቸው፣ ጭራሽ አለመግባቱን እንደ ጨዋነት ቆጠሩት። ሰላምታው ሁሉ ደጃፍ ላይ ያልቃል። እናቴም ይህን ጨዋነት እንደ ብርዱ ቆጥራ ተጨማሪ ሹራብ ትደርብበታለች።

አንድ ግንቦት ላይ ታናሽ ወንድሟ ሊጠይቀን ሲመጣ ከሐዋሳ ሐይቅ የተያዘች፣ የጣት አንጓ የምታህል ቆሮሶ ዓሳ በትንሽ ጀሪካን ይዞላት መጣ፤ አገሬ ናፈቀኝ ስትዪ አገርሽን አመጣሁልሽ ብሎ። እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አባቴ ከባለሱቁ ሆዱ የሰፋ፣ አፉ ሰፊ የሆነ ባዶ የከረሜላ ጠርሙስ ለምኖ አመጣና ዓሳዋ ጠረጴዛችን ላይ ነገሠች። ስሟም “የአገሬ ልጅ” ሆነ። ክረምቱ ሲቃረብ ግን እናቴ አንድ ማታ እራት ላይ፣ ጠርሙሱን እያየች፣ “ይቺ ልጅ ክረምቱን ካለፈች እኔም አልፋለሁ፤ ካላለፈች ዝውውሬን እጠይቃለሁ” አለች። አባቴ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሐዋሳን የማውቀው በፎቶ ነው፤ ጓደኞቼ፣ ትምህርት ቤቴና የኮኩ ዛፍ ያሉት እዚህ ነው፤ ከዚያች ማታ ጀምሮ ዕጣዬ ሁሉ ከረሜላ ጠርሙስ ውስጥ ሲዋኝ ይታየኝ ጀመር።

አባቴ ነገሩን በሳይንስ ያዘው። መጀመሪያ ከጠርሙሱ ጎን የመቶ ሻማ አምፖል ሰቀለ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዓሳዋ አፏን ከውሃው በላይ አውጥታ ታለከልካለች፣ ውሃው ሻይ ሊወጣው ምንም አልቀረውም። ትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል የሚለውን ትምህርት ያገኘሁት ያን ቀን ነው፤ አባቴ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆመ አድርጎ በጣቱ እየጠቆመ ነግሮኛል። በአርባ ሻማ ለወጠው፤ ዓሳዋም ተስማማት፤ ሰኔንና ሐምሌን እንደ ባላባት አሳለፈች። ትምህርት እስኪዘጋ ድረስም እኔ ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ ገብቼ ጭራዋ ሲወዛወዝ ሳላይ ቦርሳዬን አላወርድም ነበር።

ነሐሴ እንደገባ፣ የፍልሰታ ጾም በተያዘ ሰሞን፣ መብረቅ ወረደና የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ይመጣል ሲባል ዋለ፣ ይመጣል ሲባል አደረ። እኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነን ብለን የምናበስለው በኤሌክትሪክ ምድጃ ስለሆነ ከአምፖሉ ጋር ሙቅ ውሃውም ቀረ። በማግስቱ እናቴ ሥራ፣ አባቴም የክረምት ትምህርት ሊያስተምር ሄደው ብቻዬን ጠርሙሱን ባየው ዓሳዋ ከጠርሙሱ ግርጌ በጎኗ ተኝታለች፤ በጣቴ መስታወቱን ብመታው፣ ባናውጠው፣ ንቅንቅ የለም። ጠርሙሱን አቅፌ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩና ዝናቡ እስኪያፍር ድረስ አለቀስኩ።

የሰሙኝ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ከጎናችን ጠላ እየሸጡ የሚኖሩ፣ ወገባቸውን በመቀነት ጥፍር አድርገው የሚያስሩ ሴት። እስከዚያ ቀን ድረስ ዓሳዋን ለጾም የምንቀልባት መስሏቸው፣ ይቺ ደግሞ ለማን ትደርሳለች እያሉ ያዝኑልን እንደነበር በኋላ ነው የሰማነው። “ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?” አሉኝ።

“ሞተች። ከሞተች ደግሞ እንሄዳለን፤ እማዬ ዝውውር እጠይቃለሁ ብላለች።”

ጠርሙሱን ትኩር ብለው አዩት። “አልሞተችም፤ በርዷት ነው። ጥንስስም ክረምት ሲገባ እንዲሁ ነው ዝም የሚለው” አሉና ረግጠውት የማያውቁትን ደጃፋችንን አልፈው ገቡ። ለጠላ ጥንስሳቸው የሚያደርጉትን ሁሉ አደረጉላት፤ ሰፌድ ላይ ጭድ ጎዘጎዙ፣ ጠርሙሱን አሮጌ ጋቢ አለበሱት፣ ከቤታቸው ምድጃ ሙቅ ውሃ አምጥተው በቢራ ጠርሙስ ሞልተው፣ አፉን ወትፈው ወደ ውስጥ ሊያጠልቁት ሲሉ የመቶ ሻማው አምፖል ትዝ አለኝና ይበዛባታል ብዬ ጮህኩ። ቤቱን በርብሬ እናቴ ከሥራ ያመጣችውን ባዶ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ሰጠኋቸው። ልክ ሆነ። በክርናቸው ውሃውን እየሞከሩ፣ ሽሮፑ ሲበርድ እየለወጡ ቆዩ፤ የእሳቸው ምድጃ ሲደክም ከሌላ ቤት ሙቅ ውሃ ተጠራ፣ ውሃ ያመጣችው ሁሉ ደግሞ ጉዱን ሳታይ አልመለስ አለች። ከቅዳሴ የሚመለሱት የግቢው መሪጌታ ሳይቀሩ ገብተው “ውሃ ውስጥ ተፈጥራ እንዴት ውሃ ይበርዳታል?” ብለው ከተከራከሩ በኋላ፣ ክርክሩን ሳይጨርሱ ሄደው የራሳቸውን ማንቆርቆሪያ ይዘው መጡ።

እናቴ ከሥራ ስትመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ቤቷ በሰው ጢም ብሏል፣ ሁሉም ጋቢ የለበሰ የከረሜላ ጠርሙስ ከበው ጎንበስ ብለዋል። ዓሳዋ ጭራዋን አንዴ ነቅነቅ ስታደርግ እልል ያሉት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። እናቴ በር ላይ ቆማ ቀረች። ጾም ስለሆነ ማንም እንዲቀምስ አይጠበቅም፤ የሚጋበዝም የሚቀየምም ስላልነበረ፣ ሁሉም እንደ ልቡ ተቀምጦ ሲጫወት አመሸ።

ፍልሰታ እስኪፈታ፣ መብራቱም ከመጣ በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት አንዱ ወይ አንዷ ማንቆርቆሪያ ይዞ ብቅ ማለቱ አልቀረም። “የአገርሽ ልጅ እንዴት አደረች?” ይላሉ፤ እናቴ በዓሳዋ ስም “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቁርሷን በልታለች” ትላለች። ሲስተር ማለቱ ቀርቶ እትዬ ጥሩወርቅ “እቴ” ይሏት ጀመር። ጾሙ ሲፈታም እሳቸው እርድ የሌለበት ሽሮና ድንች ከቤታቸው ሠርተው ይዘው መጥተው እኛ ጠረጴዛ ላይ አብረን በላን፤ ለስንት ዓመት ያስቸገረው የማዕድ ነገር እንዲህ በቀላሉ መላ ያለው መሆኑ ማንንም አላስገረመም። አደይ ሲፈነዳ የአገሬ ልጅ ወፍራ ነበር። ስለ ዝውውር የተናገረ የለም፤ እኔም እንዳላስታውሳቸው አፌን ዘጋሁ። በሚቀጥለው ዓመት ጠርሙሱ ሲጠባት አጎቴ መጥቶ ወደ ሐይቋ መልሶ ወሰዳት፤ ከቤታችን ወደ ሐዋሳ የተዛወረችው እሷ ብቻ ናት።

ዛሬ ያ ግቢ የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። እትዬ ጥሩወርቅም፣ መሪጌታም፣ አባቴም አልፈዋል። እኔ የምኖርበት ሕንፃ በሮቹ ብረት ናቸው፤ ከግድግዳዬ ማዶ የሚኖረውን ሰው የማውቀው በሳሉ ነው። የሶስና ዓሳ ድና በልታ፣ ሳጥኗን ስትዞር ትውላለች፤ ማሞቂያው ሥራውን አሳምሮ ይሠራል፣ ስለዚህ እንዴት አደረች ብሎ የሚመጣ የለም፤ ዓሳ እንዳለንም የሚያውቅ የለም። ደስ ብሎኝ ሳለሁ ይህ ቆጨኝ።

እናቴ አሁን ከእኛ ጋር ናት፤ ሐዋሳ ለዘመድ ጥየቃ ስትሄድ ሙቀቱ አልስማማት ብሎ ቀኗን ሳትጨርስ የምትመለስ አሮጊት ሆናለች። ከሶስና ጎን ተቀምጣ ዓሳዋን ስታይ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስፈራው የኖርኩትን ጥያቄ ጠየቅኋት፤ ያን ጊዜ የአገርሽ ልጅ ሞታ ቢሆን ኖሮ እውነት ትሄጂ ነበር?

ዓይኗን ከሳጥኑ ሳታነሳ ሳቀች። “ብትሞትማ ኖሮ” አለች፣ “ያ ሁሉ ሰው ለቅሶ ይቀመጥልኝ ነበር። ለቅሶዬን የተቀመጠ ጎረቤት ትቼ ደግሞ ወዴት እሄዳለሁ?”