ከቦሌ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት

ዓለም ከተማ በምትባል የገጠር ከተማ የሚኖረው አፈወርቅ በዕድሜው አንዴ አውሮፕላን ተሳፍሯል። እሱም ቢሆን አባል የሆነበት ማኅበር ባሕር ዳር ለስብሰባ ሲልከው፣ ትኬቱን ሌላ ሰው ይዞለት፣ ወንበሩን ሌላ ሰው አሳይቶት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ወሬ የለውም። ሠርግ ቤት ይሁን ለቅሶ ቤት ጉሮሮውን ይጠርግና፣ «ከቦሌ ባሕር ዳር በአየር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፤ አንድ ሰዓት ብትፈጅ ነው» ይላል። ሚስቱ ዓለሚቱ ይህን ስትሰማ ኖራ ጆሮዋ ደንዝዟል። ቦሌ ራሷ ከዓለም ከተማ ስንት ሰዓት እንደምትርቅ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። የጀማን ወንዝ ቁልቁለትና ዳገት እንደሆነ አውሮፕላኑ አይወጣለትም።

ባሕር ዳር ያለችው የዓለሚቱ ታላቅ እህት ጠጄ በጠና ታማ «ዓለሚቱን ሳላይ አልሙት» ብላ ላከችባት። ባልና ሚስት ተነሡ። ጀማን ተሻግረው፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ሙከጡሪ ሲወርዱ የባሕር ዳር አውቶቡስ አስፋልቱ ዳር ቆሟል፤ ወንበርም አለው። ዓለሚቱ አንድ እግሯን አስገብታ ነበር፤ አፈወርቅ ነጠላዋን ይዞ መለሳት።

«ምን ያንገላታሻል? ትኬቱ በስልኬ ተቆርጧል። የሰለጠነ ሰው እንደዚህ አይሄድም» አላት። እዚያው ቆሞ ለጠጄ ልጅ ለቤተል ደወለ። «ለእናትሽ ንገሪያት፤ ነገ ከምሳ በኋላ እንነሣለን። አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ደጃፏ ነን።»

አዲስ አበባ አደሩ። ጠዋት ጌታው ጢሙን ተላጨ፣ ጫማውን አስጠረገ፣ ቁርሱን ተዝናንቶ በላ። «አንተ ሰው፣ እንሂድ እንጂ» ስትለው «ሰባት ሰዓት ተኩል ይላል፤ ማንበብ አይችልም ልትዪኝ ነው?» ብሎ ተቆጣ።

ቦሌ ሲደርሱ ሠራተኛዋ ስልኩን አየችለት። «አባባ፣ ይሄ እኮ በፈረንጅ ሰዓት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሄዷል። የዛሬው ሁሉ ሞልቷል።»

ዓለሚቱ ወደ በሩ ዞረች። ስንት ዘመን ሰዓት ሰዓት ሲል የኖረ ሰው ሰዓት አያውቅም! በማግስቱ ማልደው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሙከጡሪ ላይ ሲደርሱ አፈወርቅ እንቅልፍ የወሰደው መሰለ።

ጠጄ ደጃፍ ድንኳን ተጥሏል። ቀብሩ አልቋል። ቤተል አክስቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አንድ ሰዓት ነው ስንላት ደስ አላት» አለች። «ከምሳ ጀምሮ በሩን አትዝጉት አለችን። ሲመሽም፣ አንድ ሰዓት ገና አልሞላም ወይ ትለን ነበር።»

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ለአፈወርቅ ቦታ ለቀቁለትና «መንገዱ እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቁት። አፈወርቅ ጉሮሮውን ጠረገ። ዓለሚቱ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ አየችው።

«ንገራቸው እንጂ» አለች። «ከቦሌ እዚህ ስንት ሰዓት ነው?»