የሰፈፍ ሻማ በሻይ ብርጭቆ

ጃጁራ በአስተማሪነት በተመደብኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ የበልጉ ዝናብ የሆሳዕናን መንገድ ቆረጠውና ላምባ ከሱቆች ጠፋ። ለሌላው ሰው ይህ በጊዜ ተኝቶ በጊዜ መነሳት ማለት ነበር፤ ለእኔ ግን የማታ ክፍሌ ሊዘጋ መሆኑ ነው።

በክፍሌ አሥራ አራት እናቶች ይማሩ ነበር። ቀን ቀን እንሰት ይፍቃሉ፣ ቅቤ ይዘው ገበያ ይወርዳሉ። ፊደል የሚቆጥሩት ፀሐይ ስትገባ ባለችው አንዲት ሰዓት ብቻ ነው። ዲሬክተራችን የትምህርት ቤቱን ክፍል አልከፍትላቸውም ስላለ የምንማረው በወንጌል አማኞች ጸሎት ቤት ውስጥ ነበር።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ዲሬክተሩ ቢሮው አስጠራኝ።

«ወይዘሪት፣ ሁለት ምሽት አላስተማርሽም። ዛሬም ካለፈ ሦስት ነው፤ ሦስት ምሽት የተቋረጠ ክፍል ይሰረዛል። ደንብ ነው።»

«እንግዲያው የትምህርት ቤቱን ማሾ ከነላምባው ያውሱኝ፣ ጌታዬ።»

«ማሾ ለእንሰት ፋቂ? ደግሞ ፊደል ቆጥረው ለማን ደብዳቤ ሊጽፉ ነው?»

«ለእርስዎ» አልኩት። ፊቱ ሲጠቁር አየሁና ሳያሰናብተኝ ወጣሁ።

የምኖረው ጠጅ በምትሸጥ ሴት ጓሮ ተከራይቼ ነበር። ጠጅ ሲጣል ከማሩ ጋር ያለው ሰም ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ያንን ሰፈፍ ገፍፋ በአሮጌ ጋን ታጠራቅመው ነበር። እንድትሰጠኝ ስለምናት ሳቀች። «ውሰጂው ልጄ። እዚህ ተቀምጦ ዝንብ ከሚያራባ አንቺ አስተምሪበት።»

አሠራሩን በቅደም ተከተል ልናገር፤ በቅደም ተከተል ካልተሠራ አይሆንምና። ሰፈፉ መጀመሪያ ከውሃ ጋር ይፈላል፤ ከዚያ በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። ሲበርድ ሰሙ ከላይ እንደ ቂጣ ይረጋል፤ ከሥሩ የሚቀረው ቆሻሻ ተፍቆ ይጣላል። ንጹሑ ሰም በቆርቆሮ ሆኖ የፈላ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይቀልጣል እንጂ እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም፤ ይቀጣጠላል። ብርጭቆውም አስቀድሞ መሞቅ አለበት፤ አለዚያ ይሰነጠቃል። ሁለት ብርጭቆ ሰንጥቄ ነው ይህን የተማርኩት። ብርጭቆዎቹን ከገበያው ሻይ ቤት ነበር ያመጣኋቸው፤ ጠርዛቸው ስለተሸረፈ ለእንግዳ የማይቀርቡ ነበሩ።

ለክሩ የመረጥኩት ቃጫ ነበር። ከእንሰት የሚወጣ፣ በሬ የሚያስር ጠንካራ ነገር ከደጄ እያለ ጥጥ ለምን ልፈልግ ብዬ። ስለኩሰው ተንጣጣ፣ ጥቁር ጭስ ለቀቀና ጠፋ። ከተማሪዎቼ ሁሉ ፈጣኗ፣ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ሚስት፣ ልታግዘኝ መጥታ ከበሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

«አስተማሪ፣ ሻማውን ልታስሪው ነው ወይስ ልታበሪው?»

ከነጠላዋ ጫፍ ጥጥ መዝዛ በጭኗ ላይ ገመደችው። በሰም ነክረን፣ በስንጥር አንጠልጥለን፣ ሰሙን ሁለት ጊዜ ሞላንበት፤ ሲረጋ መሐሉ ይጎደጉዳልና። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስምንት ሻማ ደረሰልን።

ሴቶቹ በጸሎት ቤቱ ደጅ ተሰብስበው ጠበቁን። ሽማግሌው ቁልፉን እንደያዙ ወደ ብርጭቆዎቹ ጎንበስ አሉ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ሰም ነው፣ አባባ።»

«የየት ሰም?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ማስረዳት እወዳለሁ። ከጋኑ ጀምሬ፣ መፍላቱን፣ መጠለሉን፣ መርጋቱን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጠጅ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ሴቶቹ አቀረቀሩ። እነዚያ ቤተሰቦች ካመኑ በኋላ መጠጥ ከደጃቸው እንኳ አያልፍም።

«የጠጅ ቤት ርዝራዥ እዚህ ቤት ውስጥ አይበራም» አሉ።

«ንቧ እኮ ጠጅ አልጠጣችም፣ አባባ!»

ከኋላዬ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ሽማግሌው ግን በሩን እንደተቆለፈ ተዉት።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ አንድ ክንድ ቀርቷታል። ሴቶቹ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። ያኔ የሽማግሌው ባለቤት ብርጭቆዎቹ ያሉበትን ሰፌድ ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ቤት ውስጥ አይበራም አልክ» አለች ወደ ባሏ ዞራ። «ደጁስ?»

«ደጁ…»

«ዝናብ ሲመጣ የገበያተኛ አህያ ይጠለልበታል፤ አላባረርክም። እኛ ከአህያ እናንሳለን?»

ሽማግሌው በሀዲይኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። እሷ ግን ከታዛው ሥር ተቀምጣለች። አንዷ ተከተለቻት፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ሁሉም። ነፋሱ ብርቱ ነበር። የገበያ ሻማ ቢሆን አንዴ እንኳ አይቆምም። የእኛ ነበልባል ግን ከብርጭቆው ሆድ ሆኖ ጎንበስ ቀና ይላል እንጂ አይጠፋም። ሰሌዳው የቀረው ውስጥ ስለሆነ ጠመኔዬን አውጥቼ በተቆለፈው በር ላይ ጻፍኩ።

«በሩን!» አሉ ሽማግሌው።

«በውሃ ይለቃል፣ አባባ። ሲያልቅ እኔ ራሴ አጥበዋለሁ።»

ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፤ ግን አልሄዱም። ቆመው ሚስታቸውን አዩ።

ጨለም ሲል ዲሬክተሩ ባትሪ ይዞ መጣ፤ መዘጋታችንን ሊያረጋግጥ። ብርሃኑን በየሴቶቹ ፊት ላይ አዞረው። አንዷም ንባቧን አላቋረጠችም፤ እንዲያውም ድምፃቸው ከፍ አለ።

«ውጭ፣ መሬት ላይ፣ በሰፈፍ!» አለ። «ይህንን ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

«እንዳዩት ይጻፉት፤ ክፍሉ ዛሬ አልተቋረጠም» አልኩና ወደ በሩ ዞርኩ። የ«ረ» ቤት ገና አላለቀም ነበር።