የሰብለ መጨረሻ

አሁን የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ የልብስ ስፌት መኪና በሰማሁ ቁጥር ግን ቡራዩ ትዝ ይለኛል። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ እዚያ በኦቦ ገመቹ ስፌት ቤት ቁልፍ እተክል ነበር። ሰው ሲያየኝ ድምፄ ስለሚጠፋ ሥራው ተስማምቶኝ ነበር። ኦቦ ገመቹ ግን "ዓይኔ ደክሟል" እያሉ ከአንድ ልብ ወለድ በየቀኑ ጥቂት ገጽ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ያደርጉኝ ጀመር።

ሰብለ የምትባል ልጅ ታሪክ ነው። እጮኛዋን አፍነው ወሰዱባት፤ እሷም እየጸለየች ብቻዋን ልትፈልገው ወጣች። የተቆለፈ መጋዘን በር ላይ ስትደርስ ገጹን ገለጥኩ። የመጨረሻው ቅጠል የለም!

"ምነው ዝም አልሽ?" አሉ ቀሚስ ሊያሳጥሩ የመጡት እትዬ ዘነበች። "ሞተች እንዳትይኝ!"

"አልሞተችም" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ቁልፉን በድንጋይ አሰበርኳት፣ የቆሰለውን እጮኛዋንም አሳዝዬ አወጣኋት። እትዬ ዘነበች እልል አሉ።

እሳቸው እንደወጡ ወደ ኦቦ ገመቹ ዞርኩ።

"ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መጨረሻውን ከራሴ ነው የፈጠርኩት።"

ኦቦ ገመቹ ለኮሌታ መቁረጫ ልክ ያደረጉትን ወረቀት ከግድግዳው ላይ አወረዱ። የጠፋው ቅጠል ነበር።

"ወረቀት ቸግሮኝ የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አሉ። "እዚህ ላይ እጮኛዋ ነው እሷን የሚያድናት። ያንቺ ይሻላል።"

ከዚያ ከመቀስ የተረፈውን ጽሑፍ፣ ደከመ ባሉት ዓይናቸው፣ ያለ መነጽር፣ አንድም ቃል ሳይስቱ አነበቡልኝ።