ሞተሩ ላይ ተቀምጬ የሰማሁት

«ሚጡ፣ ደወሉ ይጮህ ነበር እንዴ?»

ጋሽ ሽፈራው እንዲህ ብለው ሲጠይቁኝ ገና የወተት ጥርሴን እየቀየርኩ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጀሞ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ ያ ቀጭን ድምፅ ጢጢጢጢ አለና ጥያቄው መጣብኝ። የተመረቅኩ ሰሞን ስለሆነ ሲቪ ላስገባ ነበር የምሄደው። ሲቪው የራሱ ጉዳይ ብዬ ወረድኩ።

ጋሽ ሽፈራው ያኔ ጎረቤታችን ነበሩ፤ የከተማ አውቶቡስ ይነዳሉ፣ ጠዋት ጠዋት ላፍቶ ትምህርት ቤቴ ያደርሱኛል። ቦታዬ ከሳቸው ጎን፣ የሞተሩ ክዳን ላይ ነው። ምንጣፍ የለበሰ ነው፤ ቂጥ ያቃጥላል፣ ናፍጣ ይሸታል። መሪው ከኔ ይሰፋል። ማርሽ ሲቀይሩ ትከሻቸው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

«ይቺን መርፌ አየሻት? የፍሬኑ አየር ናት። ቀዩ ውስጥ ከገባች ደወሉ ይጮሃል፤ ያኔ ጨዋታ የለም» ይሉኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ቁልቁለቱን እንደጀመርን ደወሉ ጮኸ። ሰው ጢም ብሏል፣ ከኋላ ይንጫጫል፣ ማን ይስማ። ጋሽ ሽፈራው ግን ያፏጫሉ! አሁን ያቆማሉ፣ አሁን ያቆማሉ ብዬ ጠበቅኩ። ምንም። እጅጌያቸውን ጎትቼ መርፌዋን አሳየኋቸው።

ፊታቸው አመድ መሰለ። የቀረችው አየር እንዳታልቅ ፍሬኑን ደጋግመው አልረገጡም። ማርሹን እየቀነሱ፣ ሞተሩ ከስሬ እያጓራ፣ ጎማውን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር እያፋተጉ የአፈር ክምር ውስጥ ከተቱት። ቆምን።

«ሹፌር! ድንች ነው እንዴ የጫንከው?» አለች አንዷ። ሰው እየተራገመ ወረደ።

ደወሉ ይጮህ እንደነበር የጠየቁኝ ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ያ ሁሉ ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ደወል በማይሰማ ሰው እጅ ነበርን? አፍጥጬ ብቻ አየኋቸው። ዝምታዬን «አዎ» ብለው ወሰዱት መሰለኝ፣ በማግስቱ የአውቶቡሱን ቁልፍ አስረክበው ሥራቸውን ለቀቁ። ሰፈሩ ተባረሩ አለ። ማንም አላባረራቸውም። ኮንዶሚኒየም ቤታቸውን አከራይተው ነፋስ ስልክ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ገቡ።

ባለፈው ሳምንት ከአውቶቡሱ ወርጄ፣ ሲቪዬን እንደያዝኩ እዚያው ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ሚስታቸው እትዬ ዘነቡ፣ ማን መሆኔን ስነግራቸው ሳቁ።

«በሞትኩት! ያቺ ሞተር ላይ የምትቀመጠው? በይ ግቢና ፍረጂን። የስንቱ አውቶቡስ ደወል ነው የሚሠራው? የዚያም ተበላሽቶ ነው እንጂ ጆሮህ ደህና ነበር፣ በባዶ ሜዳ እንጀራህን ጣልክ ስለው ነው የኖርኩት!»

ጋሽ ሽፈራው ሶፋው ላይ ሆነው የእትዬ ዘነቡን አፍ ያያሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ክው አልኩ። እኚህ ሰውዬ ሥራቸውን በከንቱ ይልቀቁ አይልቀቁ እስከዛሬ አያውቁም! ከኔ ሌላ ደወሉን የሰማ የለም።

አጠገባቸው ተንበርክኬ አፌን ጆሯቸው ሥር አስገባሁ። ግቢው በሙሉ ሳይሰማኝ አልቀረም።

«ይጮህ ነበር ጋሼ! ጆሮ እስኪበጥስ ይጮህ ነበር!»